እንግሊዝ አገር ጥገኝነት እየጠበቅኩ ነው፦ የዴሊቨሪ አካውንት ልከራይ ወይስ የሥራ ፈቃድ ልጠይቅ?

ጥያቄ (ከማንችስተር)

ሰላም ወገኖች። ጥገኝነት ጠይቄ መልስ ስጠብቅ ዓመት አልፎኛል። የምኖረው ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) ባስቀመጠን ሆቴል ነው። ምግብ እዚያው ስለሚሰጡን አስፐን ካርዴ (የድጎማው ካርድ) ላይ የሚገባው ብር በሳምንት አሥር ፓውንድ አይሞላም። ለስልክና ለአውቶቡስ እንኳ አይበቃም። ጎንደር ያለችው እናቴ ደግሞ "ልጄ እንግሊዝ ገባ" ብላ ትጠብቃለች።

አሁን አንድ የማውቀው ልጅ የምግብ ማድረሻ አካውንቱን በሳምንት 70 ፓውንድ ላከራይህ አለኝ። ሳይክሉንም ቦርሳውንም ይሰጠኛል። "ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው" ይላል። አገር ቤት ግንበኛ ነበርኩ፤ ሥራ አልፈራም። እጅን አጣጥፎ መዋል ነው የከበደኝ። አካውንቱን ብወስድ ምን ይመጣብኛል? በሕጋዊ መንገድስ የምሠራበት መላ አለ? ወረቀት ባገኝ እንኳ 20 ዓመት ትጠብቃለህ የሚሉኝስ እውነት ነው?

መልስ (ከበርሚንግሃም)

ወንድሜ፣ አካውንቱን አትንካው። የምነግርህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም።

ያለ ፈቃድ መሥራት ከ2016ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ወዲህ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እስራትም አለው። ገቢ እያለህ ሳታሳውቅ ድጎማ ስትወስድ ከተገኘህ ድጎማው ሊቋረጥ፣ የወሰድከውንም መልስ ልትባል ትችላለህ። ሆቴሉም ከድጎማው ጋር ነው የሚሄደው።

ሌላው ነገር ገንዘቡ ነው። የምትሠራበት ብር የሚገባው በባለ አካውንቱ ባንክ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በዝናብ ፔዳል ስትመታ ከርመህ "ካምፓኒው ዘግቶብኛል፣ ብር አልገባም" ቢልህ የት ትከሳለህ? እዚሁ ሰፈር እንዲህ የሆኑ ልጆች አውቃለሁ። መኪና ቢገጭህም ኢንሹራንሱ የሚያውቀው እሱን እንጂ አንተን አይደለም።

አሁን ደግሞ ቁጥጥሩ ጠብቋል። በጁላይ 2025 የምግብ ማድረሻ ካምፓኒዎቹ ዴሊቨሩ፣ ኡበር ኢትስና ጀስት ኢት ከሆም ኦፊስ ጋር ተስማምተዋል። ጥገኝነት ጠያቂዎች ያሉባቸው ሆቴሎች አድራሻ ለካምፓኒዎቹ ይሰጣል። አካውንቱ ከሆቴሉ አካባቢ እየተነሳ ሲሠራ ያዩታል ማለት ነው። መተግበሪያው በመሃል "ፊትህን አሳይ" ሲልህስ? ልጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሰህ ልታመጣው ነው?

መልስ (ከለንደን፣ በኮሚኒቲ ማኅበር በአስተርጓሚነት የማግዝ)

ከበርሚንግሃም የተሰጠው መልስ ትክክል ነው። እኔ ስለ ፈቃዱ ልጨምር።

የመጀመሪያ ውሳኔ ሳይሰጥህ 12 ወር ካለፈ፣ መዘግየቱም ባንተ ጥፋት ካልሆነ፣ ፈቃድ መጠየቅ መብትህ ነው። ቀጠሮ ቀርተህ ወይም ሰነድ ሳትሰጥ የቆየህ ከሆነ ግን ይህን ያነሱብሃል። ማመልከቻው አይከፈልበትም። "እኔ አስጨርስልሃለሁ" ብሎ ብር የሚጠይቅ የሰፈር ደላላ ካጋጠመህ ሽሸው። ያልተመዘገበ ሰው በኢሚግሬሽን ጉዳይ ምክር መስጠቱ በራሱ ሕገ ወጥ ነው። በሊጋል ኤይድ (መንግሥት በሚከፍለው የሕግ ድጋፍ) የያዘህ ጠበቃ ካለ በእሱ በኩል ላክ፤ ከሌለህ ማይግራንት ሄልፕ (ጥገኝነት ጠያቂዎችን የሚረዳ ድርጅት) ጋ ደውል። ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ይሰጡሃል።

ፈቃዱ ግን ጠባብ ነው። የተሳሰረው መንግሥት ካወጣው የሥራ ዝርዝር ጋር ነው። በኤፕሪል 2024 በወጣው ዝርዝር ላይ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ጣሪያ ሠሪና የአረጋውያን ተንከባካቢ ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ ደንቡ እየተቀያየረ ስለሆነ፣ ባመለከትክበት ቀን የሚሠራበትን ጠበቃው አውጥቶ ያሳይህ። ያንተ ሙያ ስላለበት ወይም ስለሌለበት ከሰው አፍ ሰምተህ አትወስን።

ይህን ደግሞ አስምርበት፦ ፈቃድ ብታገኝም በግልህ መነገድ ወይም የራስህን ሥራ መክፈት አይፈቀድም። የምግብ ማድረስ ሠራተኛ ደግሞ የሚቆጠረው በግሉ እንደሚሠራ ሰው (ሰልፍ ኢምፕሎይድ) ነው። ስለዚህ አካውንቱ ከፈቃዱ በፊትም በኋላም አይሆንህም።

አሠሪ ስታገኝ ኤአርሲ ካርድህን (የጥገኝነት ጠያቂ መታወቂያህን) አይቶ ዝም ብሎ አይቀጥርህም። በሆም ኦፊስ የአሠሪዎች ማረጋገጫ በኩል መጠየቅ አለበት። ያለ ፈቃድ ሰው ያሠራ በአንድ ሰው እስከ 60,000 ፓውንድ ስለሚቀጣ ይፈራሉ። ይህን አሠራር አንተው ብታስረዳው ይቀለዋል።

መልስ (ከሊድስ)

ወንድምዬ፣ እኔ ወረቀት አግኝቼ ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ነው የምሠራው። ሻይ ሰዓት ላይ ወሬው ሁሌ ስለ እናንተ ነው። "በእኛ ታክስ ሆቴል ይተኛሉ፣ ለምን አይሠሩም?" ይላሉ። ሕጉ እንደሚከለክላቸው ስነግራቸው አብዛኞቹ እውነት አይመስላቸውም። አንዷ ስልኳን አውጥታ ካረጋገጠች በኋላ "ታዲያ ምን አርጉ ነው የሚሏቸው?" አለች። እስከ 2002 ድረስ ከስድስት ወር በኋላ መሥራት ይቻል ነበር ስላት ጭራሽ ተገረመች። አገሩ በሙሉ የሚጨቃጨቀው ግማሹን ነገር ሳያውቅ ነው።

በጁላይ 2025 ለንደን አጠገብ ባለችው ኤፒንግ ከተማ ጥገኝነት ጠያቂዎች ባሉበት ሆቴል ደጃፍ ሰልፉ የፈነዳው በአገራችን ልጅ ምክንያት ነው። የ14 ዓመት ልጅና አንዲት ሴት ላይ ጾታዊ ጥቃት አድርሶ ታሰረ፤ ተፈረደበትም። የሚገባው ነው። ልጅቷን ሳስብ አንጀቴ ያራል። ግን ከዚያ ወዲህ አማርኛ በስልክ ሲያወሩ በክፉ ዓይን የሚታዩ ልጆች አሉ። ሰልፍ ባለ ቀን በሆቴሉ ደጅ አትቁም። የሚሳደብ ካለ መልስ አትስጥ። ከነኩህ ግን 999 ደውል።

መልስ (ከሼፊልድ)

የሊድሷ እህታችን ሐሳብ ይገባኛል። ግን ቶሎ ሥራ ይፈቀድ ሲባል የሚቃወም ሁሉ ጠላታችን አይደለም። "ሥራ ከተፈቀደ ጀልባው ይበዛል" የሚለውን የሌበርም የኮንሰርቫቲቭም መንግሥት ብሎታል። በ2022 ብቻ ከ45,000 በላይ ሰው በትንንሽ ጀልባ ተሻግሯል፤ ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም።

መልስ (ከሊድስ)

ፈረንሳይ ከስድስት ወር በኋላ ማመልከት ይቻላል። ሰዉ ግን ከዚያው ከፈረንሳይ ወደብ ከካሌ ተነስቶ ነው የሚሻገረው። ዘመድ ያለበት፣ ቋንቋውን የሚሞክርበት አገር ብሎ ነው የሚመጣው። ክልከላው ያተረፈው ነገር ቢኖር በሳምንት 70 ፓውንድ የሚሰበስብ አከራይ ነው።

መልስ (ከግላስጎው)

ክርክሩን ትቼ ለጠያቂው። ፈቃዱ እስኪመጣ ቁጭ አትበል። እንግሊዝ ውስጥ ከጠየቅክ ስድስት ወር ካለፈህ የእንግሊዝኛ ኮርስ በመንግሥት ወጪ መማር ትችላለህ፤ ኮሌጅ ሄደህ ኢሶል (ለውጭ ሰው የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) ብለህ ጠይቅ። የግንባታ ቦታ ለመግባት ሲ.ኤስ.ሲ.ኤስ ካርድ (የግንባታ ሠራተኛ ካርድ) ይጠይቃሉ። ለእሱ የሚሆነው የደህንነት ፈተና ብዙ ቃል አለው፤ ካሁኑ አንብብ።

በበጎ ፈቃድ ማገልገልም ይቻላል፤ ግን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ለመንግሥት ተቋም ብቻ። ምግብ ቤት ወይም ሱቅ "በነፃ እየሠራህ ልመድ" ካለህ እምቢ በል፤ ያም እንደ ሥራ ይቆጠራል። እኔ በምግብ ባንክ ካርቶን ስደረድር ያወቀችኝ ሴትዮ ናት በኋላ ለአሠሪ የምስክርነት ደብዳቤ የጻፈችልኝ።

ስለ 20 ዓመቱ፦ የአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ በኖቬምበር 2025 ያቀረቡት ዕቅድ ነው። ከለላው በየ30 ወሩ ይታያል፣ ቋሚ መኖሪያ እስከ 20 ዓመት ያስጠብቃል ይላል። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ነበር። የሚሠራና የሚማር ሰው ያጥርለታል ብለዋል፤ አንተን እንዴት እንደሚነካህ ጥገኝነት የጠየቅክበትን ቀን ይዘህ ጠበቃህን ጠይቅ።

ጠያቂው (ከማንችስተር)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለልጁ አልፈልግም ብዬዋለሁ። ሰኞ ጠበቃዬ ጋ እደውላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ማመልከቻው ላይ ግንበኛ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል? አገር ቤት ካሠሩኝ ሰዎች በቀር ምንም የለኝም።

መልስ (ከለንደን)

ለፈቃዱ ማመልከቻ ዋናው 12 ወሩ ማለፉና መዘግየቱ ባንተ አለመሆኑ ነው። የሙያ ማስረጃውን የሚፈልገው አሠሪው ነው። ያሠሩህ ሰዎች ስምህን፣ የሠራህበትን ዓመትና ምን እንደገነባህ ጽፈው ፈርመው በስልክ ፎቶ ይላኩልህ፤ የሠራሃቸው ቤቶች ፎቶ ካለም ያዝ። ማመልከቻውን ስትልክ ቅጂውንና የላክህበትን ቀን የሚያሳየውን ኢሜይል አትሰርዝ። ዝም ካሉህ ጠበቃው የሚከራከርበት እሱ ነው።