ያሠለጠንኩት ልጅ አለቃዬ ሆነ፤ ይህ ቅናት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ነባር ሻጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ መልሼ ሳላነበው እልከዋለሁ፤ ስህተት ካለው ይቅርታ።

ዕድሜዬ 44 ነው። የላቦራቶሪ ዕቃ እሸጣለሁ፤ 16 ዓመት ሆነኝ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የ24 ዓመት ልጅ ተቀጠረና "አንተ ጋ ይልመድ" ተባለ። ሦስት ወር ይዤው ዞርኩ። ዋጋ ከጠራህ በኋላ ዝም በል፣ ቀድሞ የተነፈሰ ይሸነፋል ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ዝም ማለት አይሆንለትም ነበር። ዋጋውን ይጠራና ደንበኛው ገና ሳይተነፍስ "ግን ልንቀንስ እንችላለን" ይላል። ስለዚህ ከጠረጴዛ ሥር እግሩን እረግጠው ነበር። ቀስ ብዬ፣ ግን እረግጠዋለሁ።

ባለፈው ወር ሱፐርቫይዘር ሆነ። የእኔ ሱፐርቫይዘር።

እንኳን ደስ አለህ ብዬ አቀፍኩት። ከልቤ ነበር መሰለኝ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ። ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም። ውኃው ሲወርድ ቆሜ አየሁ።

ያቃጠለኝ ግን የሹመቱ ቀን አልነበረም። ሳምንት ቆይቶ አንድ የድሮ ደንበኛዬ ቅናሽ ጠየቀ። እኛ ዘንድ ከአምስት በመቶ በላይ ቅናሽ ያለ ሱፐርቫይዘር ፊርማ አይሰጥም። ቅጹ ላይ "ምክንያት" የሚል ባዶ መስመር አለ። እግሩን እረግጠው ለነበረ ልጅ፣ አሥራ አንድ ዓመት የማውቀው ደንበኛ ለምን ቅናሽ እንደሚገባው ላስረዳ ነው። እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ። በመጨረሻ ሞልቼ ወሰድኩለት። ሳያነበው ፈረመና "ጋሼ፣ አንተ ካልክ አለቀ" አለኝ። ክብር መስጠቱ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ግን ቢያፋጥጠኝ ይሻለኝ ነበር። ያዘነልኝ መሰለኝ።

እሱ ብቻ ቢሆን እንኳ ችዬው እኖር ነበር። ከኔ በኋላ ከገቡት ስድስት ልጆች ሦስቱ አልፈውኛል። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ስክሪን ላይ የሁላችን ደረጃ ይወጣል። አሁን አሁን ስሜን ከታች ወደ ላይ መፈለግ ጀምሬያለሁ። ቶሎ አገኘዋለሁ።

ሰነፍ አይደለሁም። ካለፉት ስምንት ሩብ ዓመታት በስድስቱ ታርጌቴን መትቻለሁ። ልጆቹ ግን በየሳምንቱ አዲስ ደንበኛ ይዘው ይመጣሉ። ቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ ሰውን በሊንክድኢን ያገኙታል። እኔ ደብተር ነው ያለኝ። አዎ፣ የወረቀት ደብተር። የማን ማሽን መቼ ተገዛ፣ መቼ ተበላሸ፣ ቴክኒሻኑ ማን ነው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

በቀደም አንድ ባልደረባዬ እየሳቀ "ቀድሞ ከወጣ ጆሮ..." ብሎ ጀመረና አየኝ። ሳይጨርሰው ተወው። ቢጨርሰው ይሻል ነበር።

ጥያቄዬ፣ ይህ ተራ ቅናት ነው? ወይስ በእርግጥም ጊዜዬ አልፏል? "ራስህን ከሌላ አታወዳድር" የምትሉኝ ካላችሁ ተዉት። እሱን እኔም ለልጄ እነግረዋለሁ።

እንደወረደ፦

ቅናት ነው። ይሁና፣ ምን ችግር አለው?

ሊዮን ፌስቲንገር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ያለውን ልንገርህ። ሰው ራሱን የሚለካው ከሚቀርበው ሰው ጋር ነው፤ በጣም ከሚርቀው ጋር አይፎካከርም። የኩባንያው ባለቤት አዲስ መኪና ቢገዛ እንቅልፍ ታጣለህ? አታጣም። ይህ ልጅ ግን ከጎንህ ተቀምጦ፣ ያንተን ዘዴ ይዞ፣ ያንተኑ ዕቃ እየሸጠ ነው ያለፈህ። ባይሰማህ ነበር የሚገርመኝ። "ጊዜዬ አልፏል" የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አትቀቅላቸው።

ወጣቱ አለቃ፦

ጋሼ ልበልህ መሰለኝ፣ እኔ ያ ልጅ ነኝ። ያንተው ማለቴ አይደለም፤ እኔም በ29 ዓመቴ ሱፐርቫይዘር ሆንኩና ከሥሬ የ50 ዓመት ሰው ነበር።

ሳያነበው የፈረመው አዝኖልህ አይመስለኝም። ፈርቶህ ነው። እኔ ለዚያ ሰውዬ "ሪፖርትህን አልላክህልኝም" የምትል አንድ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። "አልላክህልኝም" ልበል ወይስ "አልላኩልኝም"? "እባክዎን" ይግባ ወይስ ይቅር? በመጨረሻ እተወውና ሪፖርቱን ራሴ እሠራዋለሁ። እሱ ደግሞ ንቄው መስሎት አኩርፎ ነበር። ይህን የነገረኝ ሥራ ከለቀቅኩ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔን ያሾመኝ አዲስ ደንበኛ ማምጣቴ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ካመጣኋቸው ግማሾቹ ሄዱ። የሰውዬው ደንበኞች ግን አልተነቃነቁም። ስብሰባ ላይ ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ስክሪኑ የመጣውን እንጂ የቀረውን አይቆጥርማ። ያንተን ቆጥረህ ታውቃለህ? ስንቱ አምስት ዓመት አልፎት አሁንም ካንተ ይገዛል?

ተመላሿ፦

እኔ 53 ነኝ፤ ትንሽ እቆጣሃለሁ፣ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ስለ ሹመቱ። ጎበዝ ሻጭ ስለነበርኩ ማናጀር አደረጉኝ። ሁለት ዓመት ሠርቼ በራሴ ፈቃድ ወደ ሽያጭ ተመለስኩ። የሰው የዕረፍት ፈቃድ ስፈርም፣ ሁለት ሻጮች በአንድ ደንበኛ ሲጣሉ ሳስታርቅ ነበር የምውለው። ደንበኛ ፊት መቀመጥ ናፈቀኝ። ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም። ቤንሰን፣ ሊ እና ሹ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በአሜሪካ 131 ኩባንያዎች ውስጥ ያሉ የሽያጭ ሠራተኞችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ኩባንያዎቹ የሚሾሙት የበለጠ የሸጠውን ነው። ሲሾም ግን ከሥሩ ያሉት ሰዎች ሽያጭ ይወርዳል። ከሌላው ጋር ተባብሮ መሸጥ የለመደው ነው የተሻለ አለቃ የሚወጣው። ስለዚህ ሹመት ማለት የሻጭነት ሽልማት አይደለም፤ ሌላ ሥራ ነው። ያንን ሥራ ትፈልገው ነበር? በአፍህ ጠይቀህስ ታውቃለህ? ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ "ጠየቅኩ" የሚል አላየሁም።

ሁለተኛ ደብተርህ። እዚህ ላይ ነው የምቆጣህ። የ16 ዓመት ዕውቀት አንተ ቦርሳ ውስጥ ተቆልፎ ኩባንያው እንዲያይልህ ትጠብቃለህ? ልጆቹ ያደረጉትን ሁሉ ሲስተም ላይ ይከታሉ፣ ስለዚህ ይታያሉ። አንተ ያደረግከው አንተ ጋ ብቻ ነው። ነገ ብታመም ያ ደብተር ለማን ነው? በየቀኑ አምስት አምስት ደንበኛ አስገባ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም እያለቀስኩ ነው የተማርኩት።

ስለ ጆሮውና ቀንዱ ደግሞ፣ እኔ በቀንድ የሸጠ ሰው አላውቅም።

መንገደኛ፦

እኔ ግን ውጣ ነው የምለው። ተመላሿ እንዳለችው ጠይቅ፤ መልሱ እንደ ጭስ የማይጨበጥ ከሆነ ዝም ብለህ ሲቪህን አድስ። እኔ በ46 ዓመቴ ቀየርኩ። የመጀመሪያው ስድስት ወር ሲኦል ነበር፤ ከዚያ ድሮ የማውቃቸው ደንበኞች ራሳቸው ደወሉልኝ።

ነባር ሻጭ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ተመላሿን ትንሽ ተቀይሜ።

ደብተሩን ዘርግቼ ቆጠርኩ። 38 ደንበኛ አለኝ። 27ቱ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ያልጠበቅኩት ግን ሌላ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት አራት ደንበኛ ሄዶብኛል፤ ሁለቱ የሄዱት እኔ ስላልደወልኩላቸው ነው። ደብተሩ ውስጥ "ይደወል" ብዬ ጽፌ ከሥሩ ምንም የለም። የአንደኛው ቀን ሳየው የዛሬ ዓመት ከአራት ወር ነው። ይህን ልጆቹ ላይ ማላከክ አልቻልኩም። ሲስተሙ ላይ እስካሁን 22 አስገብቻለሁ። አሰልቺ ነው።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ጋም ገባሁ። "ለምን እኔ አልታሰብኩም?" አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። "ከስድስት ዓመት በፊት ጠይቀንህ እኮ ወረቀት መሙላት አልወድም ብለህ መለስክልን" አለኝ። ረስቼዋለሁ። ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት "አዎ፣ ያን ቀን ደስ ብሎህ ነበር የመጣኸው" አለችኝ።

አሁን እፈልገዋለሁ ወይ? አላወቅኩም ገና። መንገደኛ፣ ሲቪዬን ግን አድሼዋለሁ።

ትናንት ደግሞ ሌላ የቅናሽ ቅጽ ይዤ ልጁ ጋ ሄድኩ። "ዛሬ አንብበው" አልኩት። ደነገጠ፣ ግን አነበበ። ሰባት በመቶ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ቀና ብሎ "ጋሼ፣ ስድስት አይበቃውም?" አለ። ከዚያ ዝም።

እኔም ዝም አልኩ። ተፋጠጥን። የግድግዳው ሰዓት ይሰማ ነበር። ስንት ጊዜ እንደቆየን እንጃ፤ ቀድሜ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ። ስድስት ተኩል ላይ ተስማማን።

ፊርማውን ተቀብዬ ስወጣ ከኋላዬ ጠራኝና "ጋሼ፣ እግሬን እኮ ሰብስቤ ነው የተቀመጥኩት" አለኝ።