ናይትሮ ትራክ፦ የካንዴላ ማሞቂያው ሲነቀል ሞተሩ ይጠፋል፣ ጭሱም በጣም ብዙ ነው

ካዛንቺስ 21 (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በሪሞት የሚሄድ ባለ 1/8 መጠን ሞንስተር ትራክ ነው። ሞተሩ ባለ 21 (3.5 ሲሲ ገደማ)፣ በገመድ የሚነሳ፣ ነዳጁ 20 በመቶ ናይትሮ። ሮዳጁ (አዲሱን ሞተር ማለማመዱ) በማኑዋሉ መሠረት አልቋል፤ መርፌዎቹ (የነዳጁን መጠን የሚወስኑት ቪቴዎች) ግን ፋብሪካው እንዳስቀመጣቸው ናቸው። ይነሳል፤ የካንዴላ ማሞቂያውን (ለማስነሳት የካንዴላውን ሽቦ የሚያግለውን ባለ ባትሪ መሣሪያ) ስነቅለው ወዲያው ይጠፋል። ጋዝ ስሰጠው ይንተፋተፋል፣ ጭሱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከማርሚታው ጫፍም ያልተቃጠለ ነዳጅ ይንጠባጠባል። ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ስለካው ከ70 ዲግሪ አያልፍም። ካንዴላው አዲስ ነው። ካርቡራተሩን ቀይረው የሚለኝ ሰው አለ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምን ልመልከት?

ባለካቻቪቴ
ካርቡራተሩ ምንም አልሆነ ወንድሜ፣ ነዳጅ በዝቶበት ነው። የፋብሪካው አቀማመጥ ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲያንስ ነዳጁ እንዳለ ከቀጠለ ያንተ ሞተር የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው፤ ይታፈናል። ጥቅጥቅ ያለ ጭስ፣ ከማርሚታ የሚንጠባጠብ ነዳጅና 70 ዲግሪ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ግን መርፌ ከመንካትህ በፊት ካንዴላውን አውጥተህ ከማሞቂያው ጋር አገናኘው። ሽቦው ከላይ እስከ ታች እኩል፣ ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ መጋል አለበት። ግማሹ ብቻ ከጋለ ወይም ደብዛዛ ከሆነ ካንዴላው አዲስ ቢሆንም ሄዷል፤ ወይ ደግሞ የማሞቂያው ባትሪ ደክሟል። ነዳጅ የበዛበት ሞተር አዲስ ካንዴላ በአንድ ቀን ይገድላል። ስትመልሰው ከሥሩ የምትገባዋን የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) አትርሳ።

ከዚያ የከፍተኛውን መርፌ (ሙሉ ጋዝ ላይ ነዳጁን የሚወስነውን) ሩብ ዙር አጥብቅ፣ ማለትም በሰዓት አቅጣጫ። አስነሳና ሁለት ሦስት ደቂቃ እያስሄድክ አሙቀው። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ መርፌ ሲሞቅ ሁልጊዜ ይዋሻል። ከሞቀ በኋላ እርምጃህ ከአንድ አስራ ሁለተኛ ዙር አይበልጥ፤ የቪቴውን አናት እንደ ሰዓት ቆጥረህ ከ12 ወደ 1 ብቻ ማለት ነው። በእያንዳንዷ እርምጃ መኪናውን ሁለት ጊዜ ቀጥታ ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ንዳው፤ ለውጡ ካርቡራተሩን አልፎ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ድምፁ ጥርት እስኪል አጥብቅ፣ ግን ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ምንጊዜም ከኋላው መታየት አለበት። ጭሱ ከጠፋ ዘይት እየደረሰው አይደለም፤ ወዲያው አንድ አስራ ሁለተኛ መልሰህ አላላ።

የድሮ መካኒክ
ካቻቪቴ ትክክል ነው። ሙቀቱን በተመለከተ ከ95 እስከ 115 ዲግሪ ይበቃሃል፤ ከ130 በላይ ካየህ አጥፋና መርፌውን አላላ። ስትለካ ቴርሞሜትሩን ወደ ካንዴላው ሥር ከላይ ወደ ታች፣ ከ2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ርቀት አነጣጥረው። የሚያብለጨልጭ አልሙኒየም ላይ ኢንፍራሬድ ዝቅ አድርጎ ነው የሚነግርህ፤ ያንተ 70 እውነተኛው 85 ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ለካ።

ውሃ ጠብ አድርገህ የምትፈትን ከሆነ እዚህ ከተማ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ አስብ። ለባሕር ዳርቻ የተጻፈው «በሦስት ሴኮንድ ይተን» የሚል መለኪያ እዚህ አይሠራም፤ ጠብታዋ ቶሎ ስትጠፋ ሞተሩ ግሏል ብለህ ትደነግጣለህ።

ኩሽኔታ
ጋሼ፣ በሙቀት ቁጥር ብቻ መርፌ ማስተካከል ላይ እኔ አልስማማም። ጠዋት በ12 ዲግሪና ከሰዓት በ24 ዲግሪ ያው መርፌ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። መጀመሪያ ጭስና ድምፅ፣ ቀጥሎ የቱቦ ቆንጠጣ፣ ቴርሞሜትር መጨረሻ። ቆንጠጣው እንዲህ ነው፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ላይ እያለ ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን የነዳጅ ቱቦ በፒንሳ ሳይሆን በጣት ቆንጥጠው። ዙሩ ትንሽ ከፍ ብሎ በ2 ወይም 3 ሴኮንድ ከጠፋ የዝቅተኛው መርፌ (በዝቅተኛ ዙር ነዳጁን የሚወስነው) ቦታው ላይ ነው። ዙሩ በጣም ከፍ ብሎ 5 ሴኮንድ ከቆየ ነዳጅ በዝቶበታል። ሳይጨምር ቀጥ ብሎ ከጠፋ አንሶታል።

የድሮ መካኒክ
ቆንጠጣው ለዝቅተኛው መርፌ እሺ፤ ስለ ከፍተኛው ግን ምንም አይነግርህም። ሙቀቱን የምለው ለመጠበቂያ ነው፣ ለማስተካከያ አላልኩም።

ካዛንቺስ 21
አመሰግናለሁ። ሩብ ዙርና ከዚያ ሦስት አስራ ሁለተኛ ካጠበቅኩት በኋላ ማሞቂያውን ስነቅለው መጥፋቱን ተወ። ሙሉ ጋዝ ላይ ይጮሃል፣ 105 ዲግሪ፣ ጭስም አለ። አዲሱ ችግር ይሄ ነው፦ ታንኩ ሙሉ ሲሆን ደህና ነው፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጋዝ ስለቅ ዙሩ ወዲያው አይወርድም፣ እንደተንጠለጠለ ይቆይና ይጠፋል። የዝቅተኛውን መርፌ ላላላው?

ኩሽኔታ
እንዳትነካው። ከታንኩ መጠን ጋር የሚለዋወጥ ችግር የመርፌ አይደለም፣ የአየር ማፍሰስ ነው። ከማርሚታው ወደ ታንኩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ግፊት እየሰጠ ነው ነዳጁን ወደ ካርቡራተር የሚገፋው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን የነዳጁ ከፍታ ራሱ ይረዳል፤ ግማሽ ሲሆን ግፊቱ ከፈሰሰ ነዳጅ ያንሰዋል። ነዳጅ ሲያንሰው ዙር ይንጠለጠላል፣ ሲበዛበት ደግሞ ይወርድና እየታፈነ ይጠፋል፤ ይህንን ልዩነት ከያዝክ ግማሹን ምርመራ ጨርሰሃል።

ታንኩን ባዶ አድርገህ ከመኪናው አውጣ። አንዱን ቀዳዳ በጣት ዝጋ፣ በሌላው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አየር ግፋ፣ ታንኩን ውሃ ውስጥ ንከረው። በአፍህ አትንፋ፤ ውስጡ የቀረው ሜታኖል (የነዳጁ ዋና ክፍል) መርዝ ነው። አረፋ ከክዳኑ ዙሪያ ከወጣ የክዳኑ ጎሚኒ ደርቋል። የነዳጅ ቱቦውንም ከካርቡራተሩ አፍንጫ አጠገብ እጠፈው፤ ሁልጊዜ እዚያ ነው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ የሚወጣው። ጫፉን 1 ሳንቲሜትር ቆርጠህ መልሰው።

ካዛንቺስ 21
ክዳኑ ነው። አረፋ ይወጣል። ጎሚኒውን ከሌላ ክዳን አወጣሁና ቀየርኩት፤ አሁን እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ አንድ ዓይነት ይሄዳል። ግን ሚኒሞ ላይ ቆሞ ጎማው በትንሹ መዞር ይፈልጋል።

ባለካቻቪቴ
ሚኒሞው ከፍ ብሏል፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው) እየያዘ ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ተመልከት፤ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሜትር ይሁን። በሚኒሞ ቪቴ አስተካክለው። አሁንም ጎማው ከዞረ የፍሪሲዮኑ ሞላ ደክሟል ወይም የደወሉ (ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነው) ኩሽኔታ ተይዟል፤ ደወሉን በጣትህ አዙረው፣ በነፃነት መዞር አለበት።

ፊልትሮውን እጅህ ላይ እያለ ተመልከተው። በጋ ላይ የከተማው አፈር እንደ ዱቄት ነው፤ በአንድ ቀዳዳ ከገባ ካሚቻውንና (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር) ፒስተኑን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። ስፖንጁን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠብ፣ አድርቅ፣ የፊልትሮ ዘይት ጨምረህ ቀለሙ እኩል እስኪሆን ድረስ እሸው። ከካርቡራተሩ ጋር የሚገናኝበትን አንገት ስስ ግሪስ ቀባው። ሞተሩ ተበልቶ እንደሆነ ለማወቅ ቀዝቃዛ ሲሆን ካንዴላውን ሳታወጣ ቮላኖውን (የሞተሩን መዞሪያ ጎማ) በእጅህ አዙር፤ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ መጨበጥ አለበት። ያለምንም ትግል ካለፈ በመርፌ የሚድን ነገር የለም።

ፒያሳ ናይትሮ
እኔም አንድ ጥያቄ ልጨምር። ናይትሮ ነዳጅ እያለቀብኝ ነው። በቤንዚንና በ2ቲ (የሁለት ምት ሞተር) ዘይት ይነዳል የሚሉ አሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሜታኖል ላይ የጉሎ ዘይት መጨመር ይቻላል ይላሉ።

የድሮ መካኒክ
ቤንዚን አይሆንም። ግሎው ካንዴላ ብልጭታ የለውም፤ ማሞቂያው ከተነቀለ በኋላ ሽቦውን የሚያግለው ሜታኖል ከሽቦው ፕላቲነም ጋር የሚያደርገው መነካካት ነው። ቤንዚን ያንን አያደርግም። 2ቲ ዘይት ደግሞ ከሜታኖል ጋር አይዋሐድም፤ ጠርሙሱ ሥር ይተኛል፣ ሞተሩ ደረቅ ሜታኖል ይጠጣና ይይዛል። የጉሎ ዘይት እውነት ነው፣ ይዋሐዳል፣ በናይትሮ ነዳጅ ውስጥም ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው። ለፀጉር የሚሸጠውን ግን ተወው፤ ለሞተር የሚሆነው ሙጫው የተጣራ ነው፣ ካልተጣራ ካሚቻውን ቡናማ አድርጎ ይለብሰዋል። ከ20 ወደ 30 በመቶ ናይትሮ ከሄድክ መርፌውን አስቀድመህ አላላ፤ ናይትሮ ሲጨምር ሞተሩ የሚፈልገው ነዳጅም ይጨምራል።

ከውጭ ሰው ሲመጣ በሻንጣ ያምጣልኝ የምትሉ፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። ሌላው፣ የሜታኖል እሳት በቀን ብርሃን አይታይም። ስትሞላ ሲጋራም ማሞቂያም አጠገብህ አይኑር፣ ውሃ ግን ይኑር፤ ሜታኖል ከውሃ ጋር ስለሚዋሐድ ውሃ ያጠፋዋል።

ኩሽኔታ
ክረምት ሲገባ የሚበላሸው ኩሽኔታ ነው፣ እንደ ስሜ። ሜታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረ ነዳጅ በሳምንት ውስጥ ዝገት ይጀምራል። ጨዋታው ሲያልቅ ታንኩን አፍስስ፣ ማሞቂያውን አድርገህ ቀሪውን እስኪጨርስ አስነሳው፣ ከዚያ ካንዴላውን አውጥተህ በቀዳዳውና በካርቡራተሩ 5 ወይም 6 ጠብታ የማቆያ ዘይት ጨምር፣ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ሳብ። ቮላኖውን አዙረህ ፒስተኑን ታች ላይ ተወው፤ ላይ ጨብጦ ካደረ ካሚቻውን ያሰፋል። የነዳጁን ጣሳ እስከ ጥግ ዝጋ።

ጃን ሜዳ 4
እኔም ቅዳሜ እንዲህ ያለ መኪናዬን አዳማ ይዤ ልወርድ ነው። መርፌው አዲስ አበባ ላይ ተስተካክሏል፣ እንዳለ ይሄዳል?

ባለካቻቪቴ
እንዳለ ካስነሳኸው ታቃጥለዋለህ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ከዚህ ይወፍራል፤ ለእዚህ የጠበቀው መርፌ እዚያ ነዳጅ ያንሰዋል። ገና ከመኪናው ሳታወርደው የከፍተኛውን መርፌ ሩብ ዙር አላላ፣ ጭሱ በዝቶ ይታይህ፣ ከዚያ ሞቆ እያለ በአንድ አስራ ሁለተኛ እያጠበቅክ ውረድ። እንጦጦ ስትወጣ ተቃራኒው ነው፣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ግን ያ ሞተር አይሰብርም፣ ይሰንፋል እንጂ። ስትመለስ ደግሞ የት ላይ እንደነበር እንድታውቅ አሁኑኑ የቪቴው አናት ላይ በማርከር መስመር አድርግበት።