የድርሰት ስህተት ሁሉ ይታረም? (ክርክር)

አወያይ፦ ጥያቄው ይህ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ተማሪው ድርሰት ላይ ያየውን ስህተት በሙሉ እንዲያርም ትምህርት ቤት ሊያስገድደው ይገባል? ወላጅ ቀይ ምልክት የሌለበት ደብተር ሲያይ «አልተነበበም» ይላል፤ መምህር ደግሞ ጊዜ ከየት ይምጣ ይላል። ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ይገባል። ዝም የተባለ ስህተት ለተማሪው ትክክል ነው ማለት ነው። «ሺ ጎዝ» ማለት ሲገባው «ሺ ጎ» ብሎ ጽፎ ካልታረመ በሚቀጥለውም ድርሰት «ሺ ጎ» ይላል። ደግሞ ተማሪዎቹን ጠይቋቸው፤ አብዛኞቹ እርማት ይፈልጋሉ።

ቆጣሪ፦ ሒሳቡን እናስላው። 60 ተማሪ፣ ለአንድ ወረቀት 10 ደቂቃ፣ 10 ሰዓት። አራት ክፍል ከሆነ 40 ሰዓት፣ ለአንድ ዙር ድርሰት ብቻ። እንዲህ ያለ ግዴታ ሲመጣ መምህሩ ማረሙን አያበዛም፤ ድርሰት ማጻፉን ያሳንሳል።

ተጠራጣሪ፦ ጊዜው ቢገኝስ? የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጆን ትራስኮት በ1996 እ.ኤ.አ. «ላንጉጅ ለርኒንግ» መጽሔት ላይ የሰዋስው እርማት ከጽሕፈት ክፍል ጨርሶ ይውጣ ብሎ ነበር። ምክንያቱም ሰዋስው የሚለመደው በራሱ ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ተማሪው ያልደረሰበትን ሕግ መምህር በቀይ ስለጻፈው አይዋሐደውም። ጉዳትም አለው ይላል፤ ተማሪው ስህተት ፈርቶ አጭርና ቀላል ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይጀምራል።

ለዘብተኛ፦ ሌላዋ ተመራማሪ ዳና ፌሪስ በ1999 የመለሰችለትንም ጨምርበት እንጂ ወንድሜ። ስህተት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ነው ያለችው። ሕግ ያላቸው አሉ፦ የግስ ጊዜ፣ የባለቤትና የግስ ስምምነት፣ ብዙ ቁጥር፣ ከስም በፊት የሚገቡት «ኤ» እና «ዘ» (a, the)። እነዚህን ብታሰምርበት ተማሪው ሕጉን አስታውሶ ራሱ ሊያቃና ይችላል። የቃል ምርጫ ግን ሕግ የለውም። እዚያ ላይ ማስመር ተማሪውን ማስገመት ነው፤ ትክክለኛውን ቃል ጽፎ መስጠት ይሻላል።

ቀይ እስክሪብቶ፦ እኔም የምለው ይሠራል ነው! የታረመውን ተማሪ መልሰህ ስታስጽፈው ስህተቱ በግልጽ ይቀንሳል።

ተጠራጣሪ፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳተው። ያ ያንኑ ወረቀት ማቃናት ነው። ትራስኮትና ሱ በ2008 ይህንኑ ፈትነዋል፦ ስህተቱ የተሰመረለት ቡድን በክለሳው በለጠ፤ በሳምንቱ አዲስ ጽሑፍ ሲጽፉ ግን ካልተሰመረለት ቡድን የሚለይበት አልተገኘም። አዲስ ጽሑፍና እርማት ያላገኘ አቻ ቡድን የሌለበት ጥናት ስለ መማር ምንም አይነግረንም።

ለዘብተኛ፦ አዲስ ጽሑፍም አቻ ቡድንም ያላቸው አሉ። ቢችነርና ኖክ የተባሉ ተመራማሪዎች ኒውዚላንድ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ አርመው ነበር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠቀስ ነገር «ኤ»፣ ለተደገመ «ዘ»። በ2010 ባወጡት ጥናት ለውጡ አሥር ወር ቆይቷል።

ተጠራጣሪ፦ ሁለት ሕግ፣ ያውም ተማሪው ሥዕል አይቶ በሚገልጽበት ጽሑፍ። ይሄ ድርሰት ነው ወይስ የሰዋስው ፈተና?

ለዘብተኛ፦ ትችቱ ፍትሐዊ ነው። ግን በ2012 ቫን ቦይኒንገንና ባልደረቦቿ ኔዘርላንድስ ውስጥ 268 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይዘው፣ በደች ቋንቋ፣ ስህተቱን በሙሉ አርመዋል። ከሳምንታት በኋላ በተጻፈ አዲስ ጽሑፍም መሻሻል ታይቷል፤ ትክክለኛው ቅርጽ ተጽፎ የተሰጣቸው በሰዋስው በልጠዋል። ዓረፍተ ነገር ማሳጠርና ማቅለልም አልታየም። የትራስኮት ስጋት እዚህ አልሠራም።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ይኸው! ሁሉንም ማረም ይሠራል ማለት ነው።

ቆጣሪ፦ ያረሙት ተመራማሪዎች ናቸዋ። በእሑድ ማታ፣ ሃምሳኛው ወረቀት ላይ የደረሰ መምህር አይደለም።

ቆጣሪ (ቀጥሎ)፦ አሁን ደግሞ ልኬቱን በተመለከተ፣ «ስህተቱ ከ8 ወደ 5 ወረደ» ብቻ ብሎ ሪፖርት የሚያደርግ አትመኑ። ስምንቱ በ200 ቃል ከሆነ በመቶ ቃል 4 ነው፤ አምስቱ በ100 ቃል ከሆነ በመቶ ቃል 5 ነው። ብሶበታል! «ኤ» እና «ዘ» ላይም እንዲሁ። የግድ ከሚገቡባቸው 20 ቦታዎች በ14ቱ ያስገባ ተማሪ 70 በመቶ አለው። በማያስፈልግ 5 ቦታ ከጨመረ ግን 14ን ለ25 ማካፈል ነው፤ 56 በመቶ። ከእርማት በኋላ «ዘ»ን በየቦታው መርጨት የተለመደ ስለሆነ፣ ይህችን ጭማሪ የረሳ ጥናት የሌለ እድገት ያሳያል።

አወያይ፦ እና መምህሩ ነገ ምን ያድርግ?

ለዘብተኛ፦ በአንድ ዙር ሕግ ካላቸው ስህተቶች ሁለት ዓይነት መርጦ ለክፍሉ አስቀድሞ ይንገር። እነሱን ያስምር። የምልክቱ ዓይነት ከአምስት ስድስት አይብለጥ፤ ሃያ ምልክት ካወጣ ተማሪው ቁልፉን ሲፈታ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ትርጉም የሚያጠፋ ስህተት ካለ ብቻ ትክክሉን ይጻፍለት። ወረቀቱን ሲመልስ 15 ደቂቃ ይስጥና እዚያው ያቃኑ፤ ማርኩ ከእርማቱ ጋር አብሮ ከመጣ ብዙዎቹ ማርኩን አይተው ወረቀቱን ያጥፉታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ርዕስ ያጽፍና እነዚያኑ ሁለቱን ይቁጠር።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ወላጅስ? ያልታረመውን «ሺ ጎ» ሲያይ?

ለዘብተኛ፦ በገጹ ራስ ላይ «በዚህ ዙር የታረሙት የኃላፊ ጊዜና ብዙ ቁጥር ናቸው» ተብሎ ይጻፍ።

ተጠራጣሪ፦ እኔ አሁንም ያንን 15 ደቂቃ ለማንበብ ብሰጠው እመርጣለሁ። እርማት ካገኘው ቡድን ጎን በዚያው ጊዜ የሚያነብ ቡድን አስቀምጦ ያወዳደረ ጥናት ያለው ካለ ያምጣ።