3 ካሬ ካይቴ ለምንድነው የጓደኛዬን 3 ካሬ የማያክለው?

አቤል ዴን ሃግ፦
ሰላም ቤተሰብ። እኔ ያለሁት ሆላንድ ዴን ሃግ ነው፣ ባለፈው ወር ያገለገለ ፓወር ካይት (በገመድ ተይዞ በንፋስ የሚበር የጨርቅ ክንፍ) በ60 ዩሮ ገዛሁ፣ የህጻናት መጫወቻው ሳይሆን ሰው የሚጎትተው አይነት፣ 3 ካሬ፣ ባለ 4 ገመድ፣ ሁለት ሃንድል ያለው። ስኼቨኒንገን ቢች ወስጄ ስሞክረው መጀመሪያ ደህና ይነሳል፣ ከዛ ከጭንቅላቴ በላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጥና በጀርባው ወደ ኋላ እየሄደ አሸዋው ላይ ዘጭ። ሶስት ቅዳሜ ሙሉ እንዲሁ። ደሞ አብሮኝ የሚወጣው የስራ ባልደረባዬ የሱም 3 ካሬ ነው፣ ግን ቀጭንና ረዥም ነገር ነው፣ ሰማዩን ሲያቋርጥ ድምጹ ራሱ ያስፈራል፣ ሰውየውን በቂጡ አሸዋ ላይ እየጎተተ ይወስደዋል እኔ ቆሜ አያለሁ። ካሬው እኩል ከሆነ ጉልበቱ ለምን ይለያያል? 5 ካሬ ልግዛ ወይ እያልኩ ነው። ኪሎዬ 72። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ቺኮ፦
5 ግዛና ተገላገል ወንድሜ፣ 3 ካሬ የሴት ልጅ ነው ሃሃ

ሃይፋዊቷ፦
@ቺኮ ሴቷ እኔ ነኝ፣ 3 ካሬ ምን እንደሚያረግ ትከሻዬን ጠይቀው፣ ወልቆ ስድስት ሳምንት አንጠልጥዬዋለሁ። አቤል እባክህ አትስማው፣ ያለህን ሳታስተካክል ትልቅ እንዳትገዛ።

ባለአሸዋው፦
አቤል ያንተ ችግር የካሬ አይደለም የብሬክ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነግርህ። ባለ 4 ገመድ ላይ ከሃንድሉ ላይኛው ጫፍ የሚወጡት ሁለቱ ዋናዎቹ ናቸው፣ ጉልበቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፣ ከታችኛው ጫፍ የሚወጡት ብሬክ ናቸው። ያገለገለ ካይት ላይ ምን ይሆናል፣ ዋናዎቹ ሲሳቡ ሲሳቡ ይረዝማሉ፣ ብሬኮቹ ብዙ ስለማይሸከሙ ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚ ሳታውቀው ሁሌ ብሬክ ይዘህ ነው የምታበረው። ብሬክ የያዘ ካይት ደሞ ልክ አንተ እንዳልከው ይንቀጠቀጥና በጀርባው ይወርዳል።
እንዲህ አርግ። አንድ ችካል ምታ፣ አራቱንም ገመድ ከካይቱ ፈተህ ጫፋቸውን እሱ ላይ እሰር፣ ከዛ ሃንድሎቹን ይዘህ እስከ መጨረሻው ሂድና እኩል ሳብ። የትኛው እንደሚላላ የትኛው እንደሚወጠር እዛው ታየዋለህ። ከሃንድሉ የምትወጣዋ አጭር ገመድ ላይ ቋጠሮዎች አሉ አይደል፣ ብሬኩን ከሃንድሉ ራቅ ወዳለው ቋጠሮ አዙረው፣ ይረዝምልሃል። ልኩን የምታውቀው ካይቱ ከጭንቅላትህ በላይ ቆሞ እጅህን ስታዝናና የብሬክ ገመዶቹ ሆዳቸውን ትንሽ ጥለው ሲታዩ ነው። በጣም ካላላኸው ደሞ አይዞርልህም፣ ማረፍም እምቢ ይላል፣ ስለዚ አንድ አንድ ቋጠሮ እያልክ ሂድ።

የኤሮ ተማሪ፦
ባለአሸዋው ጨርሶታል፣ እኔ "ካሬው እኩል ከሆነ" ወዳልከው ልምጣ። አንድ ዓይነት ስፋት ያለውን ጨርቅ አጭርና ሰፊ ወይ ረዥምና ቀጭን አርገህ መቁረጥ ትችላለህ። ያንተ ከጫፍ ጫፍ 3 ሜትር ቢሆን ወርዱ በአማካይ 1 ሜትር ነው። የሱ 3.9 ሜትር ቢሆን ወርዱ 77 ሳንቲም ገደማ ነው። ሁለቱም 3 ካሬ። ግን ከክንፉ ስር ያለው የታመቀ አየር በጫፎቹ በኩል ወደ ላይ ያመልጣል፣ ያ ማምለጥ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ረዥምና ቀጭን ክንፍ ላይ ኪሳራው ያንሳል፣ ስለዚ ይፈጥናል።
ፍጥነቱ ለምን ጉልበት ይሆናል ካልክ፣ ካይቱ የሚሰማው የሜዳውን ንፋስ ብቻ አይደለም ራሱ ሲሮጥ የሚፈጥረውንም ጭምር ነው። ሊፍት (ክንፉን የሚያነሳው ጉልበት) ደሞ ከንፋሱ ፍጥነት ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ንፋስ ላይ 3 ካሬ ዝም ብሎ ቢቆም የሚስብህ 6 ኪሎ ገደማ ነው፣ አንድ ፌስታል ሽንኩርት በለው። ግን ሲሮጥ የሚያገኘው አየር 3 እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ 9 እጥፍ ነው፣ 50 ኪሎ አለፈ ማለት ነው። የጓደኛህ 4 እጥፍ ቢደርስ 16 እጥፍ፣ ከ90 ኪሎ በላይ። ካሬው ያው፣ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው እንግዲህ። (ቁጥሩ ግምት ነው፣ ያንተ ካይት ላይ በቀጥታ እንዳትሰራበት።)

አቤል ዴን ሃግ፦
ዋው አሁን ገባኝ። ታዲያ ሁሉም ሰው ረዥምና ቀጭን ለምን አይገዛም?

የኤሮ ተማሪ፦
ስለሚቀየም ሃሃ። ንፋሱ ትንሽ ሲቆራረጥበት ጫፎቹ ይታጠፋሉ፣ እንደ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ለመመለስ ልምድ ይፈልጋል። አጭርና ሰፊው ይቅር ባይ ነው፣ ባለበት ቦታ ቶሎ ይዞራል፣ ወድቆም በቀላሉ ይነሳል። ለጀማሪ የሻጩ ፎቶ ላይ ወፍራም ሆኖ የሚታየው ነው የሚሻለው።
ስለ ብሬክ አንድ ነገር ልጨምር፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል መስኮት ጋር ከተቀመጥክ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈውን አይተሃል። ብሬክ ትንሽ ስትስብ ካይትህ ያንን ነው የሚያረገው፣ ይበልጥ ይጎብጣል፣ ሊፍቱ ይጨምራል ፍጥነቱ ይቀንሳል። ብዙ ስትስብ አየሩ ከጀርባው ይላቀቅና በቃ ይወድቃል። ያንተ ሁሌ እዛ ጫፍ ላይ ነበር።

ማሙሽ ጎፋ፦
ጣልቃ ልግባ፣ እኛ በልጅነታችን በፌስታልና በስንጥር እየሰራን ጭራ በጨርቅ እናስርለት ነበር፣ ያ ያለ ጭራ እየዞረ ይከሰከስ ነበር። ይሄኛው ጭራ የለውም ለምን አይዞርም? ደሞ አዲስ አበባ ላይ ይሰራል?

ባለአሸዋው፦
@ማሙሽ ጭራው ድራግ (ወደ ኋላ የሚጎትት ጉልበት) ፈጥሮ አፍንጫውን ወደ ንፋስ ያቆምለት ነበር። ይሄኛው ላይ ያንን ስራ ከስሩ የሚወርዱት ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ናቸው የሚሰሩት፣ ክንፉን በትክክለኛው አንግል ይይዙታል። እንጨትም የለው፣ ፊቱ ላይ ባሉት ክፍት አፎች ንፋስ እየገባ ነው የሚነፋው። ሃሳቡ የአሜሪካዊው የዶሚና ጃልበርት ነው፣ 1964 ላይ ያመጣው ፓራፎይል፣ ዛሬ ሰው ከአውሮፕላን የሚዘልበት አራት ማዕዘኑ ፓራሹትም ከዛው የመጣ ነው።
አዲስ አበባ ይሰራል፣ ግን ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባህር ዳርቻ ሲነጻጸር ወደ 20 በመቶ ይሳሳል፣ ጉልበቱም በዛው ልክ ይቀንሳል። የመብራት ገመድ የሌለበት ሜዳ ማግኘቱ ነው ጭንቁ።

ሃይፋዊቷ፦
አቤል ካስተካከልከው በኋላ አሁን የምታውቀው ካይት አይሆንም ልብ በል። እናንተ ጋ ትንበያው ዊንድክራክት (የንፋስ ጉልበት ደረጃ በሆላንድኛ) 4 ካለ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ነው፣ 5 ካለ እስከ 38፣ እንደተባለው ንፋሱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ዊንድክራክት 3 ላይ ጀምር፣ 5 ከሆነ ቡና ጠጥተህ ተመለስ። እኔ የተጎዳሁት ልውጣ አልውጣ እያልኩ በሄድኩበት ቀን ነው፣ ንፋሱ ከህንጻዎቹ በኩል እየመጣ ይቆራረጥ ነበር፣ አንዴ ዝም አንዴ ዱብ። ሁሌ ንፋሱ ከባህር የሚመጣበትን ቀን ምረጥ። ሄልሜት አርግ፣ ሃንድሉን ስትለቅ ካይቱ በብሬኩ ብቻ ተይዞ እንዲሞት የሚያረገውን የእጅ ማሰሪያም ሳታስር እንዳትነሳ። የተወጠረ ገመድ በእጅህ እንዳትይዝ፣ ቢላዋ ነው። ስታነሳው ደሞ ቀጥታ ከፊትህ መሃል ላይ አይደለም፣ ጉልበቱ ሁሉ ያለው እዛ ነው፣ ከጎን አስነሳውና በዛው በጎን በኩል ወደ ላይ ውሰደው።

አቤል ዴን ሃግ፦
ተመለስኩ። ችካሉን መታሁ፣ ሁለቱም ብሬክ አጥሮ ነበር፣ የግራው ከቀኙም 4 ሳንቲም ያጥራል! ለካ ሁሌ ወደ ግራ የሚጎትተኝ የእጄ ጥፋት መስሎኝ ነበር። ሁለት ቋጠሮ አራቅኩት። ቅዳሜ ዊንድክራክት 3 ነበር፣ ከጭንቅላቴ በላይ ወጥቶ ዝም ብሎ ቆመ፣ ገመዱ ፉጨት ይፎጫል። አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ ዝቅ አርጌ ሳዞረው ሁለት እግሬ አሸዋው ላይ መስመር እየሰራ ሄደ፣ ባልደረባዬ ቁጭ ብሎ ይስቃል። የ5 ካሬው ነገር ቀርቷል። አሁን ችግሬ ሴሎቹ (ንፋስ የሚገባባቸው የክንፉ ክፍሎች) ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ቤት ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ፣ ባለቤቴ ካይቱን በረንዳ አስወጥታዋለች፣ እንዴት ነው የምታወጡት?

ባለአሸዋው፦
የክንፉን ሁለት ጫፍ እየው፣ ብዙዎቹ ላይ በቬልክሮ የሚዘጋ ቀዳዳ አለ። ክፈተው፣ ካይቱን በሌላኛው ጫፍ ከፍ አርገህ አራግፍ፣ ከሴል ወደ ሴል እየወረደ ይወጣል። ቢቹ ላይ ግን፣ ቤት አይደለም።