ጀሶው ሲፈታ የአባቴ ባት ቀጥኖ አገኘነው

የመንዝ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ መሐል ሜዳ አካባቢ ገብስ ሲያጭድ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ደብረ ብርሃን ወስደነው 6 ሳምንት በጀሶ ከረመ። ትናንት ተፈታ፣ አጥንቱ ገጥሟል፣ መርገጥም ይችላል ተባልን። እግሩን ስናየው ግን ደነገጥን። ባቱ ሟሟ ማለት ይቀላል፣ ከደህናው ጎን ስታዩት የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለው። ሲቆምም ተረከዙ መሬት አይነካም። ጎረቤት ሁሉ «ጅማቱ አጥሯል፣ ወጌሻ ስቦ ያቃናው» እያለ ነው። ልውሰደው?

ጣርማበር፦
ኧረ እንዳትወስዳቸው! እኔም አልፌበታለሁ። ያልሠራ ጡንቻ ይቀጥናል፣ ግን ክሮቹ ሳሱ እንጂ አልሞቱም፣ ሲሠራ ይመለሳል። ችግሩ፣ ቶሎ አይሞላም። እኔ 6 ሳምንት ታስሬ ባቴ እስኪሞላ 4 ወር ፈጅቶብኛል።

ፊዚዮው፦
መቅጠኑና ማጠሩ ለየብቻ ነው የሚታየው። እግር ወደ ታች አዘንብሎ ከታሰረ ባቱ በዚያው ባጠረበት ልክ ይለምዳል፣ ተረከዙን አንጠልጥሎ የያዘው እሱ ነው። እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ካሞቁ በኋላ ቁጭ ብለው ይዘርጉት፣ ነጠላ በውስጥ እግራቸው አዙረው ጣቶቹን ወደ ራሳቸው ቀስ ብለው ይሳቡ። 30 ሰከንድ ይያዙት፣ ይልቀቁት፣ ይድገሙት፣ በቀን ሦስት አራቴ። በኃይል መንጨት የለም፣ አጥንቱ ገና ለጋ ነው። ለውጡን ማየት ከፈለግህ ከጉልበት በታች 10 ሳንቲ ላይ ሁለቱንም እግር በልብስ ሰፊ ሜትር ለካ። ባቱ ድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ግን ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ጣቶቹን ወደ ላይ ማንሳት ካቃታቸው ደግሞ ነርቭ ነው፣ እሱም ይታይ።

እቴ ሸዋ፦
ስለ ወጌሻ ካነሳችሁ፣ የአክስቴን ልጅ ክንድ በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው አስረውት ጣቶቹ እስከ ዛሬ እንደታጠፉ ናቸው። ደም ሳያገኝ የቆየ ጡንቻ ጠባሳ ሆኖ ያጥራል አሉን፣ ፎልክማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1881 (እ.ኤ.አ.) የጻፈለት ነገር ነው። ይሄ እንደ አባትህ አይመለስም። ምግባቸውንም እይ፣ በሶ ብቻ እንዳይሆን። ጾም ከሆነ ባቄላ፣ ምስር፣ እልበት፣ ሲፈታ እንቁላል።

የመንዝ ልጅ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ነጠላውን ዛሬ ጀመርን። «እንደ ጥጃ በገመድ ያዛችሁኝ» እያለ ያማርራል፣ ግን ይስባል። ለካሁት፣ 4 ሳንቲ ይለያያል።