የጋራ ሐሳብ ማርቀቂያ፦ የወር ፎቶ መመልከቻችን እንዴት ይሁን?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው እንደተስማማነው፣ እዚሁ የካ አባዶ ባለው የወጣት ማዕከል ለፎቶ ቡድናችን አንድ ክፍል እንዲፈቀድ ደብዳቤ እናስገባለን። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት ፎቶዎቻችንን ይዘን እንሰበሰብበታለን። ግን «ፎቶ እናያለን» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። እንዴት እንደምንተቻችም አብሮ ይግባ እላለሁ። አሁን ቴሌግራማችን ላይ ፎቶ ሲለጠፍ የሚመጣው አውራ ጣትና «ያምራል» ነው። ደስ ይላል፤ ግን ባለፎቶው ነገ ምን እንደሚያሻሽል አይነግረውም። አንዳንዴ ደግሞ «ይሄ ምኑ ፎቶ ነው» የሚል ይመጣል። እሱም ያው ነው፣ ምንም አያስተምርም።

መነሻ ሐሳቤ ይህ ነው። አስተያየት ሰጪው መጀመሪያ ፎቶው ላይ የሚያየውን ይናገር። ቀጥሎ ዓይኑ የት ላይ እንዳረፈና የት ላይ እንደተደናቀፈ በጣቱ ያሳይ። ባለፎቶው እስከዚያ ዝም ይበል። ጨምሩበት።

የለገጣፎው አባል፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ዝምታው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። አንዱ ልጃችን ማለዳ የታክሲ ሰልፍ አንስቶ ነበር። ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) ሆን ብሎ አዘግይቶ፣ የቆመው ሰው ጥርት ብሎ፣ የሚሄደው እንደ ጭስ ሆኖ ወጣለት። አስተያየቱ ሁሉ «ፎከስ የለውም» ሆነ። የፈለገውን ቢናገር ኖሮ «ከቆሙት የአንዱ ፊት እንዲታይ ትንሽ ወደ ግራ ብትጠጋ» የሚል አይጠፋም ነበር። ሰው ምን ሊያሳየን እንደፈለገ ሳናውቅ እንዴት እናግዘዋለን?

ጸሐፊዋ፦
ልክ ነህ። ግን ባለፎቶው ታሪኩን በሙሉ አስቀድሞ ካወራ፣ ፎቶውን ትተን ወሬውን ነው የምናየው። እንዲህ ብናደርገውስ? ከፎቶው ጋር አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይምጣ። «የሚሄዱት ሰዎች መደብዘዛቸው ስሜት ይሰጣል ወይ?» ዓይነት። ከዚያ ሦስት ሰው እስኪናገር አይመልስ። እየሰማ ማስታወሻ ይያዝ።

የለገጣፎው አባል፦
በዚህ ተስማምቻለሁ።

ጋሼ (በፊልም ዘመን የጀመሩት)፦
ልጆቼ፣ እኔም ልጨምር። የእኔ ፎቶ ሲወጣ «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። አክብሮታችሁን እወደዋለሁ። ይሉኝታው ግን እኔንም እናንተንም ይጎዳል። ታናሽ ታላቁን መተቸት ከከበደው ክፍል ቢፈቀድልንም ያው «ያምራል» ነው። ስለዚህ ፎቶዎቹ ታትመው ያለ ስም ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ። ስም የሚነገረው ከአስተያየቱ በኋላ ይሁን። የታተመ ከሆነ ደግሞ መብራት ቢጠፋም ሥራችን አይቆምም።

ሌላው፣ ጉድለት ስንጠቅስ ምክንያቱንም እንፈልግ። ነጠላ የለበሰች እናት ፎቶ አይታችሁ «ፊቷ ጠቁሯል» ማለት ቀላል ነው። ለምን ጠቆረ? ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ነጩ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል። ካሜራው ብርሃኑን ፊቷ ላይ ቢለካ ፊቷ ይወጣል። ግን ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ሲለካ ከልክ በላይ ያበራል፤ የነጠላው ጥለትና ሽመናም ነጭ ሆኖ ይጠፋል። መፍትሔው ፊቷ ላይ ለክቶ ብርሃኑን ትንሽ መቀነስ ነው። በረንዳ ጥላ ሥር ብትቆም ደግሞ የበለጠ ይቀላል። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። እንዲህ የተነገረው ሰው በሚቀጥለው ወር ሌላ ፎቶ ይዞ ይመጣል።

አዲሷ አባል፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የማነሳው በስልክ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ፦ ምክሩ ባለፎቶው በእጁ ባለው ዕቃ ሊሠራው የሚችል ይሁን። «ካሜራ ግዢ» ምክር አይደለም። «ስክሪኑ ላይ ፊቷን ነክተሽ ብርሃኑን ዝቅ አድርጊው» ብትሉኝ ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።

ደግሞ ለኅትመት ስንላላክ በፋይል ይሁን። ቴሌግራም ተራ ፎቶን ይጨምቀዋል። ጥራቱ የወረደው ሲነሳ ይሁን ሲላክ አይለይም። ፋይሉ ግን የተነሳበትን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ቤት ውስጥ የተነሱ ልጆች ካሉበት ቦታውን አጥፍታችሁ ላኩ።

ሰብሳቢው፦
ሁሉንም አነበብኩ። ደብዳቤው ላይ አንድ ነገር ብንጠቅስ ይጠቅመናል። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለ የፎቶ ፌስቲቫል ላይ ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ለባለሙያ የሚያሳዩበት ግምገማ ነበር። እኛ የምንጠይቀው የዚያን ታናሽ፣ በየወሩ፣ ከሰፈራችን ሳንወጣ ነው። ታክሲ ተሰልፎ መሃል ከተማ መውረድ ለተማሪ አባሎቻችን ከባድ ነው።

የቀረን የፈቃድ ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጡ አረጋዊ ፎቶ ሲመጣ ስለ ብርሃኑ ብቻ አውርተን ማለፍ የለብንም። «አስፈቅደሃቸው ነበር?» ብሎ መጠየቅም አስተያየት ነው። ይህ ቢቀር ቅር ይለኛል።

ጸሐፊዋ፦
አይቀርም። ረቂቁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«ፎቶዎች ታትመው ያለ ስም ይቀርባሉ። ባለፎቶው አንድ ጥያቄ ያያይዛል፤ ሦስት ሰው ከተናገረ በኋላ ይመልሳል። አስተያየት ሰጪ ያየውን፣ ምክንያቱንና በባለፎቶው ዕቃ ሊሠራ የሚችለውን ይናገራል። የሰው ፊት ካለበት ፈቃዱ ይጠየቃል።»

የኅትመቱን ወጪ ከወርሃዊ መዋጯችን እንሸፍናለን፤ ከማዕከሉ የምንጠይቀው ክፍልና ጠረጴዛ ብቻ ነው። የሚቃወም ወይም የሚያስተካክል እስከ ዓርብ ይጻፍ። ሰኞ ጠዋት አስገባዋለሁ።