ስኩተር ልግዛ ወይስ ሞተር? ለሥራ ሳይሆን ለሽርሽር ነው

የጣና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 46 ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ሆስፒታል የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ያደግኩት ባሕር ዳር ስለሆነ ብስክሌት ከእግሬ እኩል ነው የጀመርኩት ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት በብስክሌት፣ ገበያ በብስክሌት፣ ታናሽ ወንድሜን ፖርቶመጋላው ላይ አፈናጥጬ በጣና ዳር ያልዞርኩበት መንገድ የለም።

ባለፈው በጋ ኪንግ ስትሪት ላይ አንዲት ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሴትዮ ሰማያዊ ቬስፓ ስኩተር ላይ ቁጭ ብላ መብራት ስትጠብቅ አየሁ። መብራቱ በራ፣ ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። (የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ከመጀመሪያውም እንቅልፍ የላትም፣ ግን ይግባችሁ።)

የማስበው ሦስት ነገር ነው። በእረፍት ቀኔ ወንዙን ይዤ እስከ ማውንት ቨርነን መሄድ። ቅጠል ሲቀላ የተራራውን መንገድ ስካይላይን ድራይቭን ማየት። ከቻልኩ ደግሞ እሑድ በሐበሻ ቀሚሴ ቤተ ክርስቲያን መድረስ።

ባለቤቴ «ሁለቱም ያው ዶቅዶቄ ነው» ብሎ ዘግቶታል። የ19 ዓመቱ ልጄ «እማዬ፣ ስኩተር እኮ ሞተር አይደለም፤ ሆንዳ ሪቤል ግዢ» ይለኛል። ቁመቴ አጭር ነው፣ 1 ሜትር ከ57። ማርሽ በእግር ቀይሬ አላውቅም። እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ። «ይቅርብሽ» የሚል ካለ ቤቴ ውስጥ አንድ አለኝ፣ ይበቃኛል።

ካቴና፦

እህቴ፣ ለዚህ ጥያቄ እኔን የሚቀድመኝ የለም። ሁለቱም ጋራዤ ውስጥ ቆመዋል። ሪቤል 500 የእኔ፣ ቬስፓ ጂቲኤስ 300 የባለቤቴ። አዲስ አበባ እያለሁ ሞተር ጠጋኝ ነበርኩ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከተማው ውስጥ ሞተር ሲታገድ ነው እንጀራዬ የተበጠሰው። እሱን ተይው፣ ሌላ ወሬ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ለማውንት ቨርነን 150 ሲሲ ስኩተር ይበቃሻል (ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው)፤ ከዛፍ በቀር የሚያጣድፍሽ የለም። ስካይላይን ድራይቭም ቢሆን 105 ማይሉ በሙሉ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። ችግሩ ስካይላይን ሳይሆን እዚያ መድረሱ ነው። በ66 አውራ ጎዳና ከሄድሽ የጭነት መኪናው በ70 ማይል በጎንሽ ያልፋል። 150 ሲሲ ደግሞ ጋዙን ጨርሰሽ ብትሰጪውም 60 ማይል ላይ ይቃትታል። ከኋላሽ የመጣው ሰው መብራት ሲያበራብሽ ልብሽ ይወርዳል። እኔ ባለቤቴን የምወስዳት በ29 ወደ ዋረንተን፣ ከዚያ በ211 ስፐሪቪል አድርጌ ነው። ይረዝማል፣ ግን መንገዱ ራሱ ሽርሽር ነው። የስካይላይን መግቢያ ቶርንተን ጋፕ ላይ ያወጣሻል፤ ትንሽ ወደ ደቡብ ስትነጂ ሜሪስ ሮክ የሚባለው ዋሻ አለ። ስትገቢ ጥሩምባ መንፋት አትርሺ።

ማንም የማይነግርሽ ነገር ግራ እጅ ነው። ሞተር ላይ ግራ እጅሽ የሚይዘው ፍሪሲዮን ነው፤ ማርሽ ስትቀይሪ ሞተሩን ከጎማው የሚለየው። ስኩተር ላይ በዚያው ቦታ ያለው የኋላ ፍሬን ነው። ለስንት ዓመት ሞተር ነድቼ የባለቤቴን ቬስፓ የያዝኩ ዕለት ቀይ መብራት ጋ ስደርስ እጄ እንደለመደው ግራውን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ፍሪሲዮን መስሎታል! የኋላ ጎማው ተንሸራተተ፣ እኔም በጎን ተጋደምኩ። ስፖኪዮዋ ተሰበረ። ያኔ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የሌለው አሮጌ ቬስፓ ነበራት። እስካሁን በእራት ሰዓት ታነሳብኛለች። አንቺ የብስክሌት እጅ ነው ያለሽ፤ ሁለቱም እጅ ፍሬን መሆኑን ለምደሻል። ስኩተር በአንድ ከሰዓት ትለምጂዋለሽ። ሞተር ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ ግራ እግር ማርሽ፣ ቀኝ እግር ፍሬን፣ ግራ እጅ ፍሪሲዮን፣ ቀኝ እጅ ጋዝና የፊት ፍሬን። እንደ ከበሮ መቺ አራቱንም ማሠራት ነው።

ጎማውንም እዪ። የቬስፓው 12 ኢንች፣ የሪቤሉ 16 ነው። በረዶ ቀልጦ አስፋልቱ ሲቦረቦር ትንሿ ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች፣ ትልቁ ላዩን ያልፋል። ወገብሽ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ስለ ጥገና ደግሞ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣችውን ቬስፓ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ሞተር አይወድም ነበር፤ ያቆሽሻል፣ ጎማ ለመቀየር ያስቸግራል ይል ነበር። ለዚህ ነው የፊት ጎማዋን እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን ብቻ ያንጠለጠላት። እኔ ታዲያ የባለቤቴን የኋላ ጎማ ለመቀየር ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) መፍታት አለብኝ። ነፍሱን ይማረው፣ ግን ስንቴ ረግሜዋለሁ። የሪቤሉ ጣጣ ካቴናው ነው፤ በየ500 ማይሉ ጠርገሽ ቅባት ትቀቢዋለሽ። ቬስፓ ቺንጋዋ ተሸፍኖ ስለተቀመጠ እጅሽ አይቆሽሽም፣ የመቀየሪያ ጊዜው ሲደርስ ግን ኪስሽ ያውቀዋል።

ዋጋ፦ ሪቤል 300 አዲሱ ወደ 5,000 ዶላር፣ ጂቲኤስ 300 ከ8,000 በላይ ነው። ለቀለሙ ነው የምትከፍይው።

ሚኪ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እትዬ፣ እርስዎ ከመግዛትዎ በፊት ኮርስ ይውሰዱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ50 ሲሲ በላይ የሆነ ሁሉ በሕግ ሞተር ሳይክል ነው፣ ቬስፓም ትሁን። ስለዚህ ልጅዎ ተሸንፏል። ኤም2 የሚባለው መንጃ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። የመንጃ ፈቃድ ቢሮው ዲኤምቪ የሚያውቀውን የሥልጠና ኮርስ ካለፉ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ይዘልልዎታል። ሞተሩን እነሱ ናቸው የሚሰጡት። ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፦ የሚጥሉት የእነሱን ሞተር ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ጥያለሁ፣ ማንም ቃል አልተናገረኝም።

ሶፊ በቬስፓ፦

እኔ ቬስፓ ፕሪማቬራ 150 ነው የምነዳው፣ አርሊንግተን። ቤተ ክርስቲያንም በሱ ነው የምሄደው። ቀሚስ ለብሰሽ እግርሽን ሳታነሺ ትገቢያለሽ። በሞተር ይህን ሞክሪና እዪው!

ግን ነጠላሽን አደራ። አንድ እሑድ ፓርኪንግ ውስጥ ገና በእግር ፍጥነት ስሄድ ጫፉ የኋላ ጎማው ውስጥ ገባ። አንገቴን ወደ ኋላ ጎትቶ አስቆመኝ። ሰው ሁሉ «በስመ አብ» አለ። መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልጽፍልሽም ነበር። አሁን ነጠላዬ ከመቀመጫው ሥር ይገባል፣ ላዬ ላይ የሞተር ጃኬት፣ እግሬ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ቀሚሱ ሥር ጂንስ። ደርሼ እቀይራለሁ። ያላማረ ይመስላል፣ አዎ። ስኩተር ነው ብሎ አስፋልቱ ቆዳሽን አይምርም።

ደግሞ ልብ በዪ፣ ሰማያዊዋ ትልቋ ጂቲኤስ ከሆነች መቀመጫዋ ከፍ ያለና ሰፊ ነው። እኔ ካንቺ ረዘም እላለሁ፣ እሷ ላይ በጣቴ ነው የቆምኩት።

ደረጀ ቢ፦

የባሕር ዳር ልጅ ሆነሽ ብስክሌት አትገዢም እንዴ? የማውንት ቨርነን የብስክሌት መንገድ 18 ማይል ነው፣ ነፃ ነው፣ ነዳጅ አይጠጣም፣ ኢንሹራንስ አይጠይቅም።

የጣና ልጅ፦

ደረጀ፣ ብስክሌቱስ አለ፤ ጉልበቱ ነው የጠፋው።

ሚኪዬ፣ አንቱ አትበለኝ፣ አረጀሁ እንዴ? ምክርህን ግን ሰምቻለሁ።

የጣና ልጅ፦ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ሄጄ ሁለቱም ላይ ተቀመጥኩ። ሶፊ ልክ ነሽ። ሰማያዊዋ ጂቲኤስ ላይ የእግሬ ጣት ብቻ ነው መሬት የነካው። ሻጩ «ይለመዳል» አለኝ። የምወድቀው እኔ ነኝ፣ የሚለምደው እሱ! ሪቤሉ ላይ ግን ሁለቱም ተረከዜ መሬት ነካ። «ሞተር ለረጅም ሰው ነው» ብዬ ስንት ጊዜ አስቤ ነበር። ለካ ዝቅ ያለው ሞተሩ ነው።

ኮርሱንም ጨረስኩ። የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ሞተሩ እየጠፋብኝ አለቀስኩ ማለት ይቀለኛል። አሥር ጊዜ አስነሣሁ፣ አሥር ጊዜ ጠፋ። አሠልጣኙ መጥቶ «ጋዙን ተዪው፣ ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ አድርገሽ ልቀቂ፣ ራሱ ይሄዳል» አለኝ። ለቀቅኩት። ሄደ! ያ ቦታ፣ ፍሪሲዮኑ ሲይዝና ሞተሩ ወደፊት ሳብ ሲያደርገኝ፣ ወንድሜን ጭኜ ዳገት ላይ ፔዳሉን መጀመሪያ ስረግጥ የነበረውን ስሜት መለሰልኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ማርሽ ከገባልኝ በኋላ ስኩተሩን ረሳሁት። ማርሽ መቀየር እንዲህ የሚጥም ነገር መሆኑን ማን ነገረኝ?

ስለዚህ ያገለገለ ሪቤል 300 ገዛሁ፣ ጥቁር። ሐበሻ ቀሚሱ በመኪና ይሄዳል። ስካይላይን ለዘንድሮ ቅጠል ይደርስልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ በመጀመሪያ በሰፈሬ ትምህርት ቤት ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ስምንት ቁጥር እየዞርኩ ነው። ካቴና፣ በ29 የምትሄዱ ቀን ንገረኝ፣ ከባለቤትህ ቬስፓ ኋላ እሰለፋለሁ። መንገዱን ትምራ፣ አንተ ከኋላ ና።

ባለቤቴ እስካሁን «ያው ዶቅዶቄ ነው» እያለ ነው። ትናንት ከሥራ ስመለስ ግን ሄልሜቴን አጥልቆ መስታወት ፊት ቆሞ አገኘሁት። ጠብቦት ሊወጣለት አልቻለም።